ባሎቻቸው ያባረሯቸው ስድስት ኮከቦች

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የሙምባይ ሙቀትስ ቀነሰላችሁ? እኛ አምላካችን ሙሩጋን ይመስገን ደኅና ነን። የካቬሪ ወንዝ ሞልቶ ሩዙ አሽቷል። አማቴ ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው የድሮው ነው።

ትንሿ ፑንጎዲ ግን በጥያቄ ልትጨርሰን ነው። የክሪቲካ መብራት በዓል ዕለት ደጃፉ ላይ ኩራዝ ስንደረድር፣ «በዓሉ የተሰየመላቸው ኮከቦች የታሉ?» አለችን። ሙሉ ጨረቃ ጋርዳቸው ነበርና ጥቂት ቀን ጠብቀን፣ አመሻሽ ላይ ራት ሳይቀርብ ሰገነቱ ላይ ወጣን። አማቴ በምሥራቅ በኩል እጅብ ብለው የወጡትን ስድስት ኮከቦች አሳዩዋት።

«ካህኑ ክሪቲካ ይሏቸዋል፤ አያቴ ግን አሩሚን ነበር የምትላቸው» አሉ።

በእኛ ቋንቋ «አሩ» ስድስት ነው፤ ዓሣም ኮከብም «ሚን» አይደል? «ታዲያ ስድስት ዓሣ ነው ስድስት ኮከብ?» አለች ፑንጎዲ።

«ለራበው ዓሣ፣ ለጠገበ ኮከብ!» አሏት።

ከዚያ ታሪኩን ነገሯት። እንደ እህት የሚተያዩ የሰባቱ ጠቢባን ሚስቶች እንደነበሩ፤ የእሳትን አምላክ ያፈቀረች አንዲት ሴት የስድስቱን መልክ እየለበሰች ከእሱ ጋር እንዳደረች፤ ወሬው ሲናፈስ ስድስቱን ባሎቻቸው እንዳባረሯቸው፤ መልኳ ያልተወሰደው ሰባተኛዋ አሩንዳቲ ብቻ ከባሏ ጋር እንደቀረች። ከዚያ የተወለደውን ሕፃን፣ ሙሩጋንን፣ ያጠቡት ስድስቱ ናቸው፤ አንዷም እንዳይከፋት ብሎ ስድስት ፊት አበቀለ።

«ምን አጥፍተው ነው የተባረሩት?»

«ምንም። ወሬ ነው ያጠፋቸው።»

«ባሎቻቸው አልጠየቋቸውም?»

«ጠቢብ የተባለ ሰው መች ይጠይቃል!»

ሳቅን። ፑንጎዲ ግን አልሳቀችም። «ሰባተኛዋስ? አሩንዳቲ ከባሏ ጋር ስትቀር ለእህቶቿ ምን አለች?»

አማቴ፣ «ይህን የጠየቀኝ የለም» አሉና ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔም ራት ላቀርብ ተነሳሁ።

እታለም፣ እሷንና የእኔዋን ማላርን አንድ ላይ ሳጠባ አገሩ መንታ ናቸው ብሎ ለምዷል። የግራ ጉንጯ ስርጉድ ግን በዚህ ቤት የማንም አይደለም፤ ያንቺው ነው። ስትስቅ ብታዪያት!

በማግስቱ ለባለቤቴ ያንቺን መመለስ አነሳሁለት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቡናውን ፉት ብሎ፣ «እስካሁን ምን አስጠበቀሽ? ትምጣ እንጂ፤ ቤቷ ነው» አለኝ። በወሬ ያባረረሽ ያ ሰውም ሌላ አግብቶ ወደ ሴለም ከተማ ከሄደ ከረመ። በክፉ ዓይን የሚያይሽ ቢኖር እኔ ከጎንሽ ነኝ።

ይህን ስጽፍ ፑንጎዲ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ለእህቴ» አልኳት።

አሰብ አደረገችና፣ «እኔን ታውቀኛለች?» አለች።

«ስትመጣ ራስሽ ጠይቂያት» አልኳት። ይኸው አሁን ማላርን ወደ ግድግዳው ገፍታ፣ ከራሷ ምንጣፍ አጠገብ የአንድ ሰው ቦታ እየጠረገች ነው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ባቡሩ ላይ ደግ ሰው ጎረቤት ይስጥሽ።

በናፍቆት
ታናሽ እህትሽ