ግቢ ለማትጠብቅ ውሻ የተደገሰ ሥጋ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የውሻ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ያለ ማሰሪያ በቢሮዎ ደጃፍ ለሚተኙት ሁለት ትልልቅ ውሾች የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

በየምሰሶው ያስለጠፉት ማስታወቂያ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ያላጠለቀ ውሻ ሁሉ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ የተመረዘ ሥጋ እንደሚጣልለት ይገልጻል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው እንደሚገድል አውቃለሁና ዓላማውን አልቃወምም። የእኛ ሽምብራ ግን አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም የምትመዝን፣ የተከተበች የሳሎን ውሻ ናት፤ ማሰሪያውንም የከለከሏት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቅጽዎ «ውሻው የሚጠብቀው ምንድን ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ አመሰግናለሁ። «ምንም» ብዬ እውነቱን ብጽፍ፣ መዝጋቢዎ አቶ ምልኬሳ «ጋሼ መርዳሳ፣ ሥራ የሌለው ውሻ አንመዘግብም፤ ደግሞስ ይቺ ውሻ ናት አይጥ?» ብለው ተሰላፊውን አሳቁ። ከኋላዬ የነበሩት ጎረቤቴ አቶ ካሚል «መጋዘን» ብለው ጻፉና ማሰሪያ ተቀበሉ። አቶ ካሚል መጋዘን የላቸውም። መዋሸት እንደሚጠቅም በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ።

2. አቤት ስል፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ከታሰረች ጉዳይዋ እንደሚታይ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሰንሰለቱን መዘንኩት፤ ከእርሷ በሦስት መቶ ግራም ይበልጣል። የእርሷ ዓይነት ትንንሽ ውሾች ጉሮሮ ስስ ስለሆነ አንገቷ ከተጎተተ ትንፋሿ ይቆረጣል። አናቷ ላይ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያልገጠመ አጥንት አለ። ከወንበር ብትዘል ጉልበቷ ይወልቃል። ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች ስኳሯ ወርዶ ትዝለፈለፋለች፤ ያኔ ድዷን ማር እንቀባታለን። ይህን ሁሉ በጽሑፍ አስገብቼ ነበር፤ «ለቅንጦት» የሚል ማኅተም የለንም ተባልኩ።

3. ሥጋው በአጥር ላይ እንደሚወረወር ሰምቻለሁ። ለሠላሳ ኪሎ ውሻ የታሰበ መርዝ ነው፤ ለሽምብራ ቅንጣቱ ይበቃታል። ባለቤቴ ዱሬቲ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ እጇን የምታነሳው ይህችን ፍጡር ለመዳበስ ብቻ ነው፤ ሐኪም ያዘዘላትን ኳስ አንድ ቀን ጨብጣ አታውቅም። ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ ግቢውን በየሰዓቱ እየተንበረከክሁ እፈትሻለሁ። የረገፈ ቅጠል ሁሉ ሥጋ ይመስለኛል። ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጽሑፍ ማመን ለእኔ ቀላል አይደለም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ማሰሪያው ይሰጠን፤ አንገቷ ላይ ስለሚሰፋ ወገቧ ላይ እናስረዋለን።

ከተማችንን ሥራ ከሌለው ፍጡር ሁሉ ለማጽዳት ስለሚተጉ፣ ተራዬ እስኪደርስ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

መርዳሳ ኦሊቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ገና ሐሙስ ነው። ፊርማዬ ሳይደርቅ ከአጥራችን ሥር አንድ ቁራጭ ሥጋ አገኘሁ፤ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ መዝኜ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። አንዱ ጠርዙ ጎድሏል። ጉድለቱ በእናንተ ቢላ ይሁን በእርሷ ጥርስ መለየት አልቻልኩም። የእንስሳት ሐኪሙ መንገድ ላይ ነው፤ እባክዎ የጣሉት ስንት ግራም እንደነበረ ይደውሉና ይንገሩኝ።