አባቴን በገጽ 214 ለገደሉብኝ የታሪክ ምሁር

ለተከበሩ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ የፖለቲካ፣ የጦርነትና የስፖርት ታሪክ ጸሐፊ፤ ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ ያን ሁሉ ገጽ የጻፈው እጅዎስ ደህና ነው ወይ? እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እርስዎ የገደሉት አባቴ፣ አቶ ክፍሉም፣ ጉልበቱን ትንሽ ከሚያመው በቀር ደህና ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሮጊቶች የማጥብ ሴት ብሆንም፣ ባለ ስድስት መቶ ገጽ መጽሐፍዎን በእረፍት ሰዓቴ እያነበብኩ በሁለት ወር ጨርሻለሁ። ፖለቲካው ጥሩ ነው፤ አንድም ሚኒስትር ሳይሰደብ አላለፈም። ጦርነቱም ጥሩ ነው፤ ካርታው ሁሉ ቀስት በቀስት ነው። ነገሬ ስለ ሠራዊቱ እግር ኳስ ከጻፉት ምዕራፍ ላይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አባቴ በ1970 ዓ.ም. ጦር ሜዳ ወደቀ ብለው ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ማስረጃዎ፣ በግርጌ ማስታወሻ እንዳሰፈሩት፣ ተዝካሩን የበላ ሰው ነው። እውነት ነው፣ ወሬው ሲጠፋ አያቴ በሬ አሳርዳ ተዝካሩን አውጥታለች። ግን ያ ምስክርዎ በልቶ ከሚሮጥ ትንሽ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? አባባ ሐረር ሆስፒታል ተኝቶ ከርሞ፣ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ደረሰ። ሰዉ በርግጎ ሲበተን እሱ ቁጭ ብሎ የራሱን ተዝካር በላ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር ይላል እስከ ዛሬ። እኔም ከሞተ በአራተኛው ዓመት ተወለድኩ። ኢሚግሬሽንም የሟቹን አሻራ ሦስት ጊዜ አንስቶ ግሪን ካርድ ሰጥቶታል፤ እርግጥ እነሱ ዶክተሮች አይደሉም።

ሁለተኛ፤ ዘመድ እንዲጠይቀን ስላደረጉ እናመሰግናለን። ዘመዳችን ወይዘሮ እታለማሁ መጽሐፉን አንብባ፣ በርክ ከሚባለው ሰፈር ኮል አድርጋ ስታለቅስ ስልኩን ያነሳው ራሱ አባባ ነው። «አይዞሽ እቴ፣ ቆይቷል እኮ» ብሎ አጽናናት።

ሦስተኛ፣ ዋናው ይሄ ነው። መሞቱንስ አባባ ይቅር ብሎዎታል። «ሰው መሞቱ አይቀርም፤ ጎሌን ግን ለምን ለኪዳኔ ይሰጣል?» ነው የሚለው። በክፍለ ጦሮች ዋንጫ ፍጻሜ የተቆጠረችውን ያችን አንዲት ጎል ያገባት አባባ ነው፤ በግንባሩ ሲገጫት ኳሷ ወደ መረቡ፣ እሱ ወደ ጎሉ ብረት ሄዱ። ጠባሳው ዛሬም አለ። አቶ ኪዳኔ የቡድኑ ጓደኛው ሲሆን አሁን እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተለያይተው አያውቁም ነበር። መጽሐፉ የወጣ ሰሞን «ኧረ እኔ አይደለሁም» ይል ነበር። በሁለተኛው ወር ዝም አለ። በሦስተኛው ወር በየትኛው እግሩ እንዳገባት መተረክ ጀመረ!

ከዚያ ወዲህ አባባ ቅዳሜ ሲመጣ ጃኬቱን ይለብሳል፣ በሩ ድረስ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ጥይት ያልለያያቸውን ሁለት ሽማግሌዎች የእርስዎ አንድ መስመር ለያየቻቸው። ስለዚህ ሁለተኛው እትም ሲታተም፣ ሞቱን ማረም የሚያስቸግርዎት ከሆነ እንደሞተ ይቆይ፤ ጎሏን ግን ለባለቤቷ ይመልሱልን። አቶ ኪዳኔንም እኛ እናስታርቀዋለን።

በእውቀትዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ብዕርዎ እኔም ላይ ከመድረሱ በፊት ይህን ለመጻፍ የተጣደፈች፣
የሟች ልጅ ማርያማዊት ክፍሉ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ በመግቢያዎ ላይ ለምርምር ሦስት አህጉር እንደዞሩ አንብቤ አዘንኩልዎት። ዘወትር ማክሰኞ መኪናዎን የሚያቆሙበት ፓርኪንግ፣ ትኬት የሚሰጥዎት ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሽማግሌ አባቴ ነው። ይህንኑ መጽሐፍ «ለአባባ፣ የጀግኖቻችንን ታሪክ እንዲያውቁ» ብለው ፈርመው የሰጡትም ለእሱ ነው፤ ስሙን ሳይጠይቁ።