ውሃ የፈራ የውሃ ቀለም

ቅዳሜ፣ ማርች 2
ቁርስ ሞሂንጋ፣ ያው የዓሣ ሾርባችን። ከዚያ የውሃ ቀለም ገዛሁ። አሥራ ሁለት ቀለም፣ ሁለት ብሩሽ። ሠላሳ አራት ዓመት የመሬት ካርታ ያነሳ እጅ በጡረታ ምን ይሥራ? ባለቤቴ ማ ኪን ኦን ዕቃውን ገልብጣ አየችና፣ «ውሃውስ የታለ?» አለች። ከቧንቧ ነው አልኳት። «እሰይ፣ እሱን እንኳ በነፃ አገኘህ።»

እሑድ፣ ማርች 10
የመጀመሪያ ትምህርት፣ በሠፈራችን ገዳም አዳራሽ። ዘጠኝ ጀማሪዎች ነን። አስተማሪያችን ዶ ቴት ኑዌ ለአዲስ ዓመት፣ ኤፕሪል 17፣ ግድግዳው ላይ ስድስት ሥዕል ብቻ እሰቅላለሁ አለች። ሦስት ሰው ሊዋረድ ነው ማለት ነው። ይህንን ለማ ኪን ኦን ነገርኳት... ስህተት። ምሳ ሳይደርስ ሠፈሩ ሁሉ ሥዕሌ እንደሚሰቀል ሰምቷል።

እሑድ፣ ማርች 24
የማንዳሌን ቤተ መንግሥት ግንብና ዙሪያውን የከበበውን ውሃ ሣልኩ። በማስመሪያ፣ ጡብ በጡብ። አንድ ሺህ አርባ ሁለት ጡብ። ቀለሙ ከመስመር እንዳይወጣ ብሩሹን በጨርቅ እያደረቅኩ። አስተማሪዋ ወረቀቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው።
«ኡ ኒዮ፣ ግንቡን አዩት ወይስ ቆጠሩት?»
«ሁለቱንም።»
«ውሃ ይፈራሉ እንዴ?»
እኔ? የኤራዋዲን ወንዝ በጀልባ ስንቴ የተሻገርኩት?
አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ኡ ታውንግ ግን ተመሰገነ። በምን? በአንድ ፓፓያ። ያውም ያንቀላፋ በሚመስል ፓፓያ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 7
«ሥዕልዎ አሁንም ደረቅ ነው» ተባልኩ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 14
ሰው ሁሉ ውሃ የሚራጭበት የአዲስ ዓመት በዓል ሁለተኛ ቀን። ማንዳሌ በሙሉ ባልዲ ይዛ ወጥታለች። እኔም ወንበርና ጥላ ይዤ ወጣሁ፣ ግንቡን እንደገና ልሥል ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ካርቶን ላይ «ሥራ ላይ ነን፤ ውሃ አትርጩ» ብዬ ጽፌ አቆምኩ። በዚህ በዓል ከመነኩሴ በቀር ከውሃ ማን ያመልጣል? ስልሳ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ ይህ እንዴት ይጠፋኛል? ሽበቴ ያድነኛል ብዬ ነዋ።
መጀመሪያ ኡ ታውንግ መጣ፣ የብር ሳህን ይዞ። «ኡ ኒዮ፣ በአክብሮት ነው» አለና ማጅራቴ ላይ ቀስ አድርጎ አንቆረቆረው። ልሰድበው አፌን ስከፍት ጎማ ቧንቧ የደቀነ ፒክአፕ ደረሰ። ካርቶኑ ሄደ። ጥላው ሄደ። ስድቡም ተዋጠ።
ወረቀቱ ብቻ ጭኔ ላይ ቀረ። የግንቡ ቀይ ወደ ውሃው አረንጓዴ ይሄድ ነበር... ማንም ሳያዘው። ጡቦቼ የሉም። ታች ጥጉ ላይ ግን፣ ሦስት ጣት በምታክል ቦታ፣ ግንቡ ውሃው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እየተንጠባጠብኩ አየሁት። ከስድስት ሳምንት ልፋቴ ይበልጣል... ያሳፍራል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 15
ያንን የራሰውን ላቅርበው? ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። የፒክአፑ ሥራ ነው።
አዲስ ወረቀት አርጥቤ ቀለም ጣልኩበት። ጭቃ። ደገምኩ። የበለጠ ጭቃ። ማ ኪን ኦን የበዓሉን ድቡልቡል የሩዝ ጣፋጭ አጎረሰችኝ፤ በልማዱ መሠረት ቃሪያ ደብቃበታለች። «ለሥዕሉ ነው የምታለቅሰው፣ ኮ ኒዮ?» ኮ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሰባተኛውን ወረቀት በእንባ አበላሸሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16
አሥራ አንደኛው ወረቀት። ገባኝ! የራሰው ወረቀት ማብረቅረቁ ሲጠፋ፣ ግን ገና ለጣት ሲቀዘቅዝ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ። ቀዩን አሳረፍኩና እጄን ሰበሰብኩ። ከሁሉ የከበደኝ እጅ መሰብሰቡ ነበር። ግንቡ ወደ ውሃው ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ፒክአፕ የለ፣ ኡ ታውንግ የለ። እኔው ነኝ።
ማ ኪን ኦን አየችው። አልቀለደችብኝም። በሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳር ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ጎረቤት ልትጠራ ወጣች።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17
ተሰቀለ። ከበሩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ የገባ ሁሉ በሚያይበት።
«ማን አስተማረዎት?» አለች ዶ ቴት ኑዌ።
«እርስዎ አምስት ሳምንት፣ ከተማው አንድ ቀን።»
ሳቀች። ኡ ታውንግ ለሚገባው ሁሉ «መጀመሪያ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ» ይላል። ይበል። የእሱም ፓፓያ ተሰቅሏል፤ ያሸነፈ ሰው ደግሞ ቸር መሆን አለበት።
ከሰዓት በኋላ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ለመነኮሳቱ ምግብ አቅርበው ሲወጡ ሥዕሌ ጋር ደረሱ። የሽርጣቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ከፍ አድርገው፣ እንዳይረጥብባቸው እየተጠነቀቁ አለፉ።
ጎንበስ ብዬ ወለሉን ዳሰስኩ። ደረቅ ነው።