አዲሱን አላውቀውም ያለው ሰርቨር

ለሉሲ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ገላን ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሉሲ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። የእሷን ድምፅ ስትሰማ ደስ ይልሃል፣ የእኔን ቁጥር ስታይ ግን ስልክህን ኪስህ ትከታለህ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ጎረቤታችን ከማል ሚኒባሱን ይዞ ወደዚያ ሲሄድ በእጅህ ይሰጥሃል።

ነገር ሳላዞር ልንገርህ። ወንዲ የሚባል ሰው አለ። ሰበታ ነው የሚኖረው፣ እኛ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ ብሎኛል። ደግ ሰው ነው። ሉሲ ግን ልታየው አልፈለገችም። ቤት ሲመጣ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች፣ ያመጣላትን ብስኩት ለጎረቤት ልጅ ትሰጣለች። እሷ እሺ ሳትል እኔ እሺ እንደማልል ነግሬዋለሁ። እንዲህ ተጨንቄ ሳለሁ ነው የሰርቨሩ ጣጣ የመጣብኝ።

አንተ ሆስፒታላችን ውስጥ የተከልከው ሰርቨር አርጅቷል። ካርድ ክፍል ውስጥ የአንድ በሽተኛ ስም ለማውጣት ሲያስብ ይውላል፤ እናቶች ሕፃን አዝለው ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። ሥራ አስኪያጁ ዶክተር ገብረየስ አዲስ አይገዛም አሉ። እኔም ፕሮሰሰሩን ብቻ እንቀይር ብዬ ከመርካቶ ያገለገለ፣ ግን ፈጣን የሆነ አስገዛሁ። ቦታው ላይ ልክክ አለ። ሳበራው ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ነቅዬ እንደገና አስገባሁት፣ ያው ነው። ካርድ ክፍሉ ሥራ አቆመ። ዶክተሩ በሩ ላይ ብቅ እያሉ ገላምጠውኝ ይመለሳሉ።

በኋላ ነው የገባኝ። ማሽኑ ገና ሲነሳ የሚያነበው ፈርምዌር የቆየ ስለሆነ አዲሱን ጭራሽ አያውቀውም። ፈርምዌሩ መታደስ አለበት፤ ለማደስ ማሽኑ መነሳት አለበት፤ የሚነሳው ደግሞ በሚያውቀው በአሮጌው ፕሮሰሰር ብቻ ነው። አሮጌውንማ ከተሰበሩ ኪቦርዶች ጋር ካርቶን ውስጥ ወርውሬዋለሁ! ንብረት ክፍል ሮጥኩ። ኦቦ ቢቂላ ካርቶኑን ለቆራሌው ሸጠውታል። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያረጀ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ አሉኝ።

ቆራሌውን በገፈርሳ መንገድ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሲያርፍ ደረስኩበት። ለምኜ ጆንያውን አስዘረገፍኩት። አላፊ አግዳሚው እየሳቀብኝ፣ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ስበረብር አገኘሁት። ሳምኩት እኮ! ሳቅብኝ፣ ግድ የለም።

አሮጌው ሲገባ ማሽኑ ወዲያው ተነሳ። ፈርምዌሩ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ አበቃለት ማለት ነው፤ ስለዚህ ጄኔሬተር አስነሳሁ፣ ጥበቃዋ ዱርሲቱም ማንም እንዳይነካው አጠገቡ ቆመችልኝ። ሲጨርስ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን መለስኩ። ተቀበለው። የካርድ ክፍል ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ ግን ወንበር ላይ ዘፍ ብዬ ስለ ሉሲ ማሰብ ጀመርኩ።

ባለፈው ወንዲ ሲሄድ ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አባዬ ያውቀዋል ወይ አለችኝ። ቁጣውንም ልመናውንም ሞክሬዋለሁ፤ በእኔ አልሆነም። ከአንተ አፍ ካልሰማች አትቀበለውም።

ስለዚህ እሁድ ና። ከወንዲ ጋር ተጨባበጥ፣ አንድ ሻይ አብራችሁ ጠጡ። ከዚያ ሉሲን አስቀምጠህ፣ አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው በላት። አባቷ አንተ እንደሆንክና እንደማትቀየርም ንገራት። ወደ ቤት እንደማትመለስም ንገራት፤ አሁንም በር ሲንኳኳ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ናት። አደራህን፣ በስልክ እንዳታደርገው። ፊት ለፊት ይሁን። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ መስማት አለብኝ።

አምላክ ጤና ይስጥህ፣ ሥራህን ይባርክልህ፣ በመንገድህ ሁሉ ይከተልህ።

የሉሲ እናት
ከቡራዩ