ድሬዳዋ ያልሠራሁት ሥራ

ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጎጃም በረንዳ ጨርቅ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ሻጭ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ዛሬ ሄድኩ። "ሥራ ካቆምሽ ስድስት ዓመት ሆኖሻል፤ የት ነበርሽ?" አሉኝ። ያጠናሁትን ውሸት ለቀቅኩት፦ "ድሬዳዋ፣ አክስቴ ሱቅ።"

ዋስ ሊሆኑኝ አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች አላስቻላቸውም። "የምን ድሬዳዋ! የአልጋ ቁራኛ እናቷን ስታገላብጥ ኖራ፣ ጀርባዋ ሳይቆስል ነው የሸኘቻት!"

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ሐጂ ሳቁ። "እናቷን ያልጣለች ሱቄን ትጥላለች? ሰኞ ጀምሪ። ውሸቱን ግን እዚያው ድሬዳዋ ተይው።"

ተመስገን። በሆዴ ስረግማቸው የነበሩትን እትዬን፣ ውጭ እንደወጣን ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸው ቢፈርሙልኝም ዋሴስ አንቺ ነሽ፣ እማዬ።