ለሠርጉ ኮዳ ሞተር ፍለጋ

ጁላይ 6፣ እሑድ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፦ እንጨት እያዞረ የሚያስፍቀኝ ቶርኖ አልሞተም። የሞተው ሞተሩ ነው። ባለቤቴ ራይና ይህን ልዩነት መረዳት አልፈለገችም። የወንበር እግር እየፋቅሁ ሳለ ጭስ ሸተተ፤ ከኩሽና ሆና፣ ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ነው የሚቃጠለው አለች። ትዳር ሲያረጅ እንዲህ ነው።

ወንበሩስ ይቆይ። ችግሩ ኮዳው ነው። ቪዮሌታ፣ የልጅ ልጄ፣ ሴፕቴምበር ላይ ታገባለች። በአገራችን ልማድ የሠርግ ጠሪው የእንጨት ኮዳ ወይን ሞልቶ ቤት ለቤት ካልዞረ ማን ተጠርቷል ይባላል? የተጠራው ይጎነጫል፣ ከራሱ ቤት ወይን መልሶ ይሞላበታል፣ ኮዳው ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋል። ያንን ኮዳ በገዛ እጄ እንደምሠራላት ቃል የገባሁት ገና ሕፃን ሳለች ነው። አልረሳችውም። ልጆች የሚረሱት የማባዛት ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

ጋብሮቮ ከተማ ወርጄ የሞተር ሽቦ ለሚጠቀልል ሰው አሳየሁት። አገላበጠው። አሸተተው። ክፉ ዜና እንደያዘ ሐኪም መነጽሩን አወለቀ። ሽቦውን እንደገና ለመጠቅለል የጠየቀኝ ከአዲስ ሞተር ብዙም አያንስም። አዲሱ ደግሞ የወር ጡረታዬን ጠራርጎ ይወስዳል፤ ለዳቦ እንኳ አይተርፍም። ቅናሽ የለም ወይ አልሁ። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ረዘም አድርጎ ሳቀ።

ጁላይ 13፣ እሑድ

በዚህ ከተማ ትርፍ ሞተር የሌለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲዘጋ ሁሉም የአቅሙን ተሸክሞ ወጣ። ዳይሬክተሩ ሕንፃውን፣ ሌላው ሞተሩን። እኔ ያን ሰሞን ክፍል ገብቼ ስለ ሐቀኝነት አስተምር ነበር... ጊዜ መምረጥስ እንደኔ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አደባባዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም አለው። ደረጃ ሥር፣ አልጋ ሥር፣ አንዱማ ሁለት አለው። የሚሸጥ ግን የለም። ሁለት ያለውን፣ የቀድሞ ተማሪዬን ክራሲሚርን፣ ምን ልታደርግበት ነው አልሁት።

«ይፈለግ ይሆናል፣ መምህር።»

«ለምን?»

«እሱ አይታወቅም። ቢታወቅማ መች ይቀመጥ ነበር።»

በሂሳብ ሁለት ጊዜ የጣልሁት ልጅ ነው። ቤቴ እስክደርስ የመልሱን ስህተት ፈለግሁ። አላገኘሁትም።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ

የሙሽራው አባት ፕላመን ለምሳ መጣ። የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ሰውንም ነገርንም በጅምላ ነው የሚያየው። የተገዛ ኮዳ ይዞ መጥቷል። ከውጭ እንጨት የሚመስል፣ ከውስጥ ፕላስቲክ። ፊቱ ላይ ፈረስ ተስሏል። እግሩን ብቆጥር አምስት ሆነብኝ። አንዱ ጭራ ነው አሉኝ።

«አይጨነቁ፣ መምህር፤ ዋናው ስሜቱ ነው» አለኝ።

ዋናው ስሜቱ ከሆነ ሥጋውን ለምን ሁለት ጊዜ አስጨመረ?

ቪዮሌታ ሳህኗን አየች። ከዚያ እኔን። የእኔ ኮዳ በኦገስት መጨረሻ ይደርሳል አልሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት። በምን ሞተር? ... በስሜት መሰለኝ።

ጁላይ 27፣ እሑድ

ሴቭሊዬቮ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ። የልብስ ማጠቢያ ሞተር፣ በርካሽ። ሻጩ በእናቱ ማለ። ስገጥመው ሠራ። መሥራቱንስ ሠራ... ፍጥነቱን የሚገታ ነገር እንደሌለው ያወቅሁት ለሙከራ ያሰርሁት እንጨት በመስኮት ሲወጣ ነው። መስኮቱ ዝግ ነበር። «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ንካ» እያልሁ ትውልድ ያሳደግሁ ሰው!

ራይና ስብርባሪውን እየጠረገች፣ ለመሆኑ የሰውዬው እናት በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀች።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ቶርኖውን በእጅ ለማዞር ሞከርሁ። ከቶርኖው ይልቅ ትከሻዬ ጮኸ።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

ተገኘ። ያውም አጥር ማዶ። ጎረቤታችን ስታሜን ምድር ቤቱ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሞተር አለው፤ ኃይሉም ፍጥነቱም ለእኔ ቶርኖ የተለካ። ለራይና የነገረቻት ሚስቱ ጾንካ ናት። በየዓመቱ ግሪስ ይቀባዋል፤ ለእኔ ግን የእጅ ቅባት እንኳ ገዝቶልኝ አያውቅም ብላለች።

ችግሩ፣ እኔና ስታሜን አንነጋገርም። የወይን ሐረጌ አጥር ተሻገረ ብሎ ከቆረጠው ጀምሮ። ፍሬውን ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ነው መሻገሩ የታየው።

ኦገስት 10፣ እሑድ

ለሠርግ ጥሪ የቀረበ ወይን እምቢ አይባልም። ባላንጣም ቢሆን ይጎነጫል፣ መልሶም ይሞላል። ኮዳ የለኝምና ወይኑን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ደጁ ላይ ቆምሁ። ለቪዮሌታ ሠርግ ጠርቼሃለሁ አልሁት። ጠርሙሱን አየው።

«በዚህ ነው የምትጠራኝ?»

«ኮዳ እንዳልሠራ ሞተሩ አንተ ጋ ተኝቷል።»

ጠርሙሱን ተቀብሎ ጎነጨ። ገብቶ ከራሱ ሞላልኝ። ቀመስሁት... የራሴ ወይን ነው! ቆርጦ የወሰደውን ሐረግ ተክሎት ኖሯል። አፌን ያዝሁ። ሞተር የሚፈልግ ሰው ስለ ሐረግ አያወራም።

ሞተሩን አልሸጥም አለ። አላውስምም። ከዚህ ቤት አይወጣም። «ቶርኖህን አምጣው» አለኝ።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ወሰድነው። አጥሩን ነቅለን። ክራሲሚርና ወንድሙ ተሸከሙ፤ እኔ እንዴት እንደሚሸከሙ አስረዳሁ። ቺንጋውን ራሱ ስታሜን አጠበቀ። ሞተሩ ሲነሳ ኮፍያውን አወለቀ። ከፋብሪካው ከወጣ ወዲህ ሲዞር ይህ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ ንጹሕ... ይህን ሁሉ ዓመት ለብርድ ልብስ!

ስታሜን መዳፉን ከሞተሩ ላይ አያነሳም። ሞቋል፣ ይረፍ ይላል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። እኔን የሚነካኝ የለም።

ኦገስት 24፣ እሑድ

አለቀ። የቼሪ እንጨት፣ ስስ፣ ክብ። ውሃ ሞልተን አሳደርነው፤ እንጨቱ አበጠ፣ ጠብታ አልወጣም። ቪዮሌታ መጣች። ሁለቱን ኮዳዎች ጎን ለጎን አስቀመጥንላት። የእኔን አነሳች፣ ጎነጨች፣ አገጯን ጠረገች፣ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ሌላውን አልነካችም። ስታሜን አፍንጫውን ሲናፈጥ ቆየ። ጉንፋን ነው ይላል።

አጥሩ እስካሁን አልተመለሰም። ከስታሜን ጋር ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቃለን። ያጠራቀምነው ብዙ ነው።

ለፕላመን የጻፍሁት መልእክት፤ ሰረዞቹን ለመፈተሽ መጀመሪያ እዚህ አሰፈርሁት፦

«ውድ አማቻችን፣ ኮዳው ደርሷል፤ ቪዮሌታም መርጣለች። ጠሪው የሚዞረው በእንጨቱ ነው። የእርስዎን ጎረቤቴ ስታሜን ለዶሮዎቹ ውሃ ማጠጫ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ ፈረሱን እንደማያበላሽ ቃል ገብቷል። ያለ ፈቃድዎ አንነካውም። እባክዎ መልስዎን ቶሎ ይላኩልን፤ ሙቀቱ በርትቷል፣ ዶሮዎቹም ጠምቷቸዋል።»