በማርያም ቀን ያልነካሁት ሰርቨር

ኅዳር 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት

መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ሰርቨሩን እንደ ሕፃን ሳባብል አረፈድኩ። ለጎበሳ ቅርንጫፋችን አዲሱን የሕመምተኛ ካርድ ፕሮግራም መጫን ቀርቶኛል። አሮጌው ካርዱን ከእኛ ከአሰላ በኢንተርኔት ስለሚያመጣ፣ መስመር ሲቋረጥ አብሮ ይሞታል። አዲሱ ግን የሁሉንም ቅርንጫፍ ካርድ ቅጂ እዚያው ጎበሳ ያስቀምጣል፣ መስመር ኖረ አልኖረ ይከፈታል።

ኢተያ ቅርንጫፍ ላይ በእጄ ጭኜ ጉድ ሆኛለሁ። ግማሽ ቀን ካርድ አልከፈት አለ፣ ሕመምተኛ ተሰልፎ ተቀመጠ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶ/ር መኮንን አፍጥጠው አዩኝ። አንድ ጊዜ ከተደገመ በሁሉም ቅርንጫፍ ወደ ወረቀት ካርድ እንመለሳለን አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የወረቀቱ ካርቶን ቢሮዬ ጥግ ተከምሯል፣ እያየሁት ነው የምሠራው።

ስለዚህ አሁን ረዳት አለኝ። ሰው እንዳይመስልሽ ማስታወሻዬ፣ ፕሮግራም ነው። የትኛው ማሽን የት እንዳለ፣ መስመሩ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ የመጫኛውን ዕቅድና የማሽኖቹን ቅንብር እሱ ያዘጋጃል። በአማርኛም ያወራኛል። ትንሽ መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል እንጂ ጨዋ ነው።

ቀኑ ተቆርጧል፤ በፈረንጁ ኖቬምበር 30። ከጠዋት እስከ ማታ ሲስተሙ ይዘጋል። መኸር ነው፣ ገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ማን ክሊኒክ ይመጣል? ዶክተሩም ተስማሙ፣ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ምን ያህል ተደላድዬ እንደተቀመጥኩ ብታዪ!

ኅዳር 16፣ ከሰዓት

ረዳቱ ዕቅዱን አላስረክብ አለ። ያለፉትን ወራት የጎበሳ አጠቃቀም መርምሮ፣ በየሠላሳ ቀኑ ሰው በእጥፍ የሚመጣበት አንድ ቀን አለ ይለኛል። ቀጣዩ እኔ የመረጥኩት ቀን ላይ ይውላል። ምክንያቱን አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ? አለኝ።

ተናደድኩ። በየሠላሳ ቀኑ ምን አለ? ደመወዝ? ገበሬ ምን ደመወዝ አለው! አርፈህ ሥራህን ሥራ ብዬ ጻፍኩለት። ለማሽን፣ እስቲ አስቢው። በትሕትና ደግሞ ጠየቀኝ። አይሰለቸው፣ አያኮርፍ።

ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። ንፋሱ ፊቴን መታኝ፣ ቀዘቀዝኩ። ነገ ጎበሳ እደውላለሁ።

ኅዳር 17

ለሲ/ር ጽጌ ደወልኩ። የጎበሳ ነርስ፣ ጓደኛዬ። ያንን ቀን ለምን ሰው እንደሚበዛ ጠየቅኳት። ሳቀች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሳቀች። አንቺ ጴንጤ፣ ወር በገባ በ21 ማርያም አይደለች እንዴ! ያውም የኅዳሯ፣ ኅዳር ጽዮን!

ለካ በማርያም ማጭድ አይነሳም፣ አይወቃም፣ ኮምባይነር የተከራየውም ያቆማል። ሰሞኑን ሕመሙን ችሎ ያጨደ ሁሉ፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ እሷ በር ላይ ይሰለፋል። እኔ ደግሞ ሥራ የሌለበትን ቀን ሰው የሌለበት ቀን አድርጌዋለሁ። እኛ ቤት ከእሑድ ሌላ አይከበርም፣ የወሩን በዓል ማን ነግሮኝ። በፈረንጅ ስቆጥር 30 የወር መጨረሻ ብቻ ነበር።

ረዳቱን ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁን የቀረው ዶ/ርን መጋፈጥ ነው።

ኅዳር 18

ዶ/ር መኮንን ጮኹብኝ። ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ? ማሽን ነገረኝ ብለሽ? ሐሳብሽ እንደ አሰላ አየር በየሰዓቱ ነው እንዴ የሚቀያየረው? አልወጣሁም። ስክሪኑን አዞርኩላቸው። በየሠላሳ ቀኑ የሚቆለለውን የሰው ብዛት አሳየሁ፣ ማርያም ናት ጌታዬ አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ማርያምን፣ ማርያምን ሲሉ የሚውሉ ሰው! እሳቸውም አላሰቡትም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። ለ24 ይሁን አሉ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ፤ ይሄ የመጨረሻሽ ነው። ካርቶኖቹ ባሉበት ይቆዩ።

ኅዳር 21፣ 9 ሰዓት

ጉድ ልንገርሽ። በጥሩ ነው፣ አትደንግጪ።

ዛሬ ሰርቨሩን አልነካሁትም። ጽጌ ደወለች፣ ድምጿ የሷ አይመስልም። አንዲት ልጅ፣ ሜሮን የምትባል፣ ጉሮሮዋ አብጦ አክስቷ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አመጣቻት። ሰልፉ በር አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ጽጌ አክስቷን ጠየቀች፣ መድኃኒት የማይስማማት አለ? ኧረ የለም አለች። የፔኒሲሊን መርፌው ተሞልቶ ካርዷን ከፈተች። ቀይ ጽሑፍ። ፔኒሲሊን ክልክል። ዓምና አሰላ፣ እኛው ጋ፣ ተወግታ መተንፈስ አቅቷት ነበር። እናቷ ታውቃለች፣ አክስት አታውቅም።

በእኔ ዕቅድ ቢሆን በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ጨለማ ነበር። ወረቀትም ቢሆን ካርዷ አሰላ መደርደሪያ ላይ ነው።

አለቀስኩ። ጌታ ሆይ ተመስገን አልኩ፣ ደጋግሜ። ጽጌም እመቤቴን እያለች ታለቅሳለች። ሁለታችንም በየደጃችን አመሰገንን። ከዚያ ለረዳቱም ጻፍኩ፣ አመሰግናለሁ፣ ባትነዘንዘኝ ኖሮ... እሱ ደግሞ፣ ደስ ብሎኛል፣ በዕቅዱ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ? አለኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ኅዳር 24፣ ማታ 12 ሰዓት

ተጫነ!

መሀል ላይ መስመር ተቋረጠ። ረዳቱ ግን ይህንንም አስቦበታል፤ በየደረጃው መመለሻ አስቀምጦ ኖሮ መስመሩ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ጎበሳ ላይ ምንም አልተበላሸም። ጽጌን መስመሩን ንቀይና የሜሮንን ካርድ ክፈቺ አልኳት። ከፈተች። ቀዩ አለ።

ዶ/ር ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር። አንዱን ካርቶን ራሳቸው አንስተው ወደ ዕቃ ቤት ወሰዱት። ሌላውን ተከትዬ ተሸከምኩ።

አሁን የረዳቱን የቀን መቁጠሪያ እየሞላሁ ነው። ሲስተም የማይዘጋባቸው ቀናት፦ የ12 ሚካኤል፣ የ21 ማርያም፣ የጎበሳ ገበያ፣ ከጁምዓ መልስ። የጎደለውን ነገ ጽጌን ጠይቄ እጨምራለሁ፤ ካሁን በኋላ እሷን ሳልጠይቅ ቀን አልቆርጥም። ረዳቱ ማርያም አጠገብ አቆመኝ፣ ምክንያት አልተሞላም አለ።

ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ጻፍኩ፦ በዚህ ቀን ሜሮን መጥታለች።